ሐፍረትና ዝምታ አንድ አይደሉም

በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች ለሚያገለግሉ ካህናትና ልጆች ለሚያሳድጉ ምእመናን የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር አምላክ ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ በፈጠረ ጊዜ ነፍሱን አክብሮ ሥጋውን አላዋረደም። አዳምና ሔዋን ከመበደላቸው አስቀድሞ ዕራቁታቸውን ሳሉ እንዳልተፋፈሩ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ይነግረናል። ሐፍረት የመጣው ከበደል በኋላ ነው። ቢሆንም እግዚአብሔር ያን ሐፍረት ንቆ አልተወውም፤ የቁርበት ልብስ አልብሶ ሸፈነላቸው እንጂ። ስለዚህ ሐፍረት ለወደቀው ሰው በምሕረት የተሰጠ ልብስ ነው ልንል እንችላለን። ልብስ ግን ገላን ይሸፍናል እንጂ ዓይንን አያሳውርም፤ አፍንም አይዘጋም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ነገር ይህ ነው። ልጆቻችን ከሕፃንነት ወደ ጉርምስና በሚሻገሩበት ጊዜ ስለ ገዛ ሥጋቸው፥ ስለ ወንድና ሴት ፍቅር፥ ስለ ንጽሕናና ስለ ጋብቻ ማን ሊያስተምራቸው ይገባል? በምን ዕድሜ? በምን ቃል? ብዙ ወላጆችና አንዳንድ ካህናትም ይህን ጥያቄ ሲሸሹት ይታያሉ። ምክንያታቸውን የጠየቃቸው እንደ ሆነ ሐፍረት ነው ይላሉ። ነገር ግን ሐፍረትና ዝምታ አንድ አይደሉም። ሐፍረት ልጅን ይጠብቃል፤ ዝምታ ግን ልጅን ለማይታወቅ አስተማሪ አሳልፎ ይሰጣል።

1ኛ/ የአገሩ ጠባይና ልማድ

ጅግጅጋ ከሐረር በስተ ምሥራቅ፥ የካራማራን ተራራ ከተሻገሩ በኋላ በሚገኘው ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከእርሷም መንገዱ ወደ ቀብሪበያህ፥ ወደ አውበሬና በድንበር ላይ ወዳለችው ወደ ቶጎ ውጫሌ ይዘልቃል። ከነዋሪው የሚበዛው የእስልምናን ሃይማኖት የሚከተለው የሶማሌ ሕዝብ ነው። በመካከሉም በመንግሥት ሥራ፥ በንግድ፥ በውትድርናና በትምህርት ምክንያት ከየአገሩ የመጡ፥ ከእነርሱም በዚያው የተወለዱ ክርስቲያኖች ይኖራሉ። በ1999 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ከኢትዮጵያ ማዕዘን ሁሉ ወጣቶችን ይሰበስባል፤ እነዚህም ከአባትና ከእናት ርቀው ያለ ጠባቂ የሚኖሩ ናቸው። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በከተማይቱና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፥ ካህናትም ተገድለው እንደ ነበር አይዘነጋም። ያን መከራ ያለፈው መንጋ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ከልጆቹ አንዱ እንኳ በቸልታ ቢጠፋ ጉዳቱ የአንድ ቤት ብቻ አይሆንም።

የሶማሌን ሕዝብ ልማድ ማወቅ ለካህኑም ለወላጁም ይጠቅማል፤ ልጆቻችን ከልጆቹ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉና፥ በአንድ ሰፈርም ያድጋሉና። በሶማሌ ቤት ሐፍረት ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ታላቅ ክብር አለው። አባት ከሴት ልጁ ጋር ስለ ሥጋ ነገር አይነጋገርም፤ ምክር ያስፈለገ እንደ ሆነ የሚቀርቧት አዬዮ የምትባለው አያት ወይም ሀበርያር የምትባለው የእናት እኅት ናት። ሀበርያር ማለት ታናሽ እናት እንደ ማለት ነው። ወጣቶች በሠርግና በበዓል ዳንቶ በሚባለው ጨዋታ ፊት ለፊት ቆመው በግጥም ይመላለሳሉ፤ ይህ ግን በሰው ሁሉ ፊት የሚደረግ ነው። ጋብቻም የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሁለት ወገኖች ውል ስለሆነ ሽማግሌ ይላካል፥ ጥሎሽ ይቆረጣል፥ ሼኹም ኒካሕ ያስራል። ወላጅ እምቢ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ወጣቶቹ ወደ ሩቅ ከተማ ሄደው በዚያ ባለ ሼኽ ፊት የሚጋቡበት መሳፎ የተባለ ልማድ አለ። በቤት ውስጥ ሊነገር ያልቻለ ፍቅር ልጅን ከቤት ይዞ እንደሚወጣ ይህ ልማድ ያስረዳናል።

በክርስቲያኑ ቤት ያለው ልማድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቀድሞ በደጋው አገር ብዙ ሴቶች ልጆች በሕፃንነታቸው ይታጩ ነበር። ሙሽራይቱ ስለ ሩካቤ አንዳች ሳይነገራት ጫጉላ ትገባለች፤ ድንግልናዋም በማግሥቱ ብር አምባር ተብሎ ለወላጆቿ ይበሠር ነበር። ክብሯ በአደባባይ የሚነገርላት ልጅ ትምህርቱን በጓዳ እንኳ አልሰማችም። ዛሬም በከተማ ባለው ቤታችን ልጅቱ ልማደ አንስት በመጣባት ቀን ከእናቷ የምትሰማው የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አትግቢ የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት እንጂ ቅጣት አለመሆኑን፥ የሆነባትም ነገር ተፈጥሮ እንጂ ኃጢአት አለመሆኑን የሚያስረዳት የለም። ስለዚህ ስለ ገዛ ሥጋዋ የተማረችው የመጀመሪያ ትምህርት መባረር ይሆናል። ወንዱም ልጅ ሕልመ ሌሊት ባገኘው ጊዜ የሚጠይቀው ስላጣ ራሱን እንደ ረከሰ ቆጥሮ ከቅዳሴ ይርቃል፤ ከዚያም መራቁን ይለምደዋል።

እንግዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች በሃይማኖት ይለያያሉ፤ በዝምታ ግን ይስማማሉ። ቀድሞ ለዚህ ዝምታ ብዙ ጠባቂዎች ነበሩት። አያት በቤት ነበረች፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ይቈጣ ነበር፤ ልጅም ከወላጅ ዓይን ርቆ አይውልም ነበር። ዛሬ ግን አያቲቱ በሌላ አገር ናት፤ ጎረቤት አይተዋወቅም፤ በየሱቁ የሚሸጠውም የእጅ ስልክ በሕፃን እጅ ገብቷል። በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ ልጁ አባቱ በዕድሜው ሁሉ ያላየውን ርኩሰት በአንድ ሌሊት ሊያይ ይችላል። አባት ዝም ባለበት ጉዳይ ስልኩ ዝም አላለም።

2ኛ/ ቅዱሳት መጻሕፍትና አባቶች ስለዚህ ነገር ዝም አላሉም

ስለ ሥጋ ነገር መናገር ከቅድስና ጋር አይስማማም የሚል ሰው ቢኖር ቅዱሳት መጻሕፍትን ይመልከት። መጽሐፈ ምሳሌ ከምዕራፍ 5 እስከ ምዕራፍ 7 ድረስ አባት ልጁን አስቀምጦ ስለ ዝሙት የሚመክርበት ነው። አመንዝራይቱ በየትኛው ሰዓት እንደምትወጣ፥ በምን ቃል እንደምታታልል፥ ጎልማሳውም እንዴት እንደ በሬ ወደ መታረጃው እንደሚከተላት ገልጦ ያሳየዋል። ይህም ብቻ አይደለም፤ በምዕራፍ 5 በሕግ ባገኛት ሚስቱ ደስ እንዲለው ይነግረዋል። መከልከልን ብቻ አላስተማረውም፤ የተፈቀደውንም መልካም ነገር አሳየው። በምዕራፍ 31 ደግሞ ንጉሥ ልሙኤልን ስለ ሴትና ስለ ወይን ጠጅ የምትመክረው እናቱ ናት። እናት ለወንድ ልጇ ስለዚህ መናገር ነውር ቢሆን ኖሮ ምክሯ በቅዱስ መጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር።

ጦቢትም ልጁን ጦብያን መንገድ ከመላኩ በፊት ከዝሙት እንዲጠበቅ መከረው (ጦቢት ምዕ. 4)፤ ልጁም ሣራን ባገባ ጊዜ በጫጉላው ሌሊት አስቀድመው ተነሥተው ጸለዩ (ምዕ. 8)። ልጁ አስቀድሞ ምክር ሰምቶ ስለ ነበር በዚያች ሌሊት ምን ማድረግ እንደሚገባው ያውቅ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በተሰሎንቄና በቆሮንቶስ ላሉት ስለ ሥጋ ንጽሕና በጻፈ ጊዜ መልእክቱ የሚነበበው በማኅበሩ ሁሉ ፊት መሆኑን ያውቅ ነበር።

ከሊቃውንትም ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ እግዚአብሔር ለመፍጠር ያላፈረባቸውን የሥጋ ክፍሎች ለሚሰሙት ጥቅም በስማቸው መጥራት እንደማያሳፍረን አስተምሯል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ ቆላስይስ መልእክት በሰበከው ስብከት ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ስለ መሆናቸው ገልጦ ከተናገረ በኋላ በዚህ የሚያፍሩትን ሰዎች ወቅሷል፤ ንጹሕ በሆነው ጋብቻ ማፍር የመናፍቃን ጠባይ ነው ብሎአልና። ይኸው አባት ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ትምህርት የልጅን ነፍስ በብዙ በሮች በተከፈተች ከተማ መስሏታል። በሮቹም ዓይን፥ ጆሮ፥ አፍንጫ፥ ምላስና የገላ ስሜት ናቸው፤ ወላጅም የዚህች ከተማ ሕግ አውጪ ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን የማይመረምር በረኛ በር ዘግቶ ቢተኛ ሌባው በመስኮት ይገባል።

3ኛ/ የዝምታ ፍሬ

ዝምታ የሚያፈራውን ፍሬ ለማየት 2ኛ መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን ማንበብ ይበቃል። አምኖን እኅቱን ትዕማርን በግፍ አስነወራት። እርሷ ዝም አላለችም፤ በራስዋ ላይ አመድ ነስንሳ፥ ልብሷን ቀድዳ እየጮኸች ወጣች። ወንድሟ አቤሴሎም ግን ዝም እንድትል ነገራት። አባቷ ንጉሥ ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ነገር ግን አምኖንን ሲገሥጸው፥ ትዕማርንም ሲያጽናናት አናነብም። ልጅቱ በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች። ከሁለት ዓመት በኋላ አምኖን ተገደለ፤ ከዚያም ጦርነት መጣ። የአንድ ቤት ዝምታ መንግሥትን አናወጠ። ቤተ ሰቡን ለማክበር ሲባል ስንት ትዕማር ዝም እንድትል ተደርጋለች?

በምሥራቁ አገር የዝምታ ፍሬ በልጃገረዶች ሥጋ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል የተገረዙት በአገሪቱ በጠቅላላው ከመቶ 65፥ በሶማሌ ክልል ግን ከመቶ 99 ያህል ነበሩ። በዚህ ክልል የሚበዛውም ከግርዛቱ በኋላ የሚሰፋበት፥ ከሁሉ የከፋው ዓይነት ነው። ይህን የሚያደርጉት እናቶችና አያቶች ልጃቸውን ጠልተው አይደለም፤ ንጽሕናዋን የሚጠብቁላት መስሏቸው ነው። ነገር ግን ንጽሕና በልብ የሚኖር ሀብት እንጂ በምላጭና በክር የሚሠራ አጥር አይደለም። ልጅቱን ማስተማር የከበደው ቤት ሥጋዋን መቁረጥ ቀለለው። ክርስቲያኑም ይህ የጎረቤት ነገር ነው ብሎ ራሱን እንዳያጸድቅ ይገባዋል፤ ከመቶ 65 የሚለው ቁጥር የእኛንም ቤት ይጨምራልና። ቤተ ክርስቲያን ሴት ልጅን በ80 ቀን ታጠምቃለች፤ ትገረዝ ዘንድ ግን አላዘዘችም።

ሁለተኛው ያለ ዕድሜ መዳር ነው። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች መካከል የወለዱ ወይም ያረገዙ በአገሪቱ ከመቶ 13፥ በሶማሌ ክልል ከመቶ 19 ሆነው ተገኝተዋል። አጥንቷ ያልጸና ልጅ በምጥ ብዙ ቀን ስትሠቃይ ፅንሱ ይሞታል፥ እርሷም ሽንቷን መቈጣጠር ወደማትችልበት የፊስቱላ ደዌ ትወድቃለች። ሐኪሞቹ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጅናልድ በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ሕይወታቸውን የሰጡት እነዚህን ሴቶች ለማከም ነው፤ ያቋቋሙት ሆስፒታልም በሐረር ከተማ ቅርንጫፍ አለው።

ሕጉም በየጊዜው ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ያገባት እንደ ሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ይህን መውጫ ዘጋው፤ በአንቀጽ 565ና 566 ግርዛትንና መስፋትን፥ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። እንግዲህ የተክሊል ጸሎት የሚያደርስ ካህን የሙሽራይቱን ዕድሜ ሳያረጋግጥ አክሊል ቢደፋባት በእግዚአብሔርም በሕግም ፊት እንደሚጠየቅ ይወቅ።

4ኛ/ ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ?

አንዳንድ ሰዎች ማስተማር ማነሣሣት ነው ይላሉ። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ ያለ ዕድሜው፥ ያለ ሃይማኖትና ያለ ቁም ነገር የተነገረ ነገር ሊያነሣሣ ይችላል። ነገር ግን ልጁ አስቀድሞ ከባልንጀራውና ከስልኩ ሰምቷል። ምርጫው በመስማትና ባለመስማት መካከል አይደለም፤ ከማን ይስማ በሚለው ላይ ነው። ትምህርት ቤትም በሥነ ሕይወት ትምህርት የአካልን ክፍልና ሥራ ያስተምራል፤ ይህ መልካም ነውና ወላጅ አይንቀፈው። ሆኖም አካል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለምን እንደ ተሰጠ ማወቅ ሌላ ነው። ሁለተኛው የወላጅና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው።

ሀ. በሕፃንነት። ልጁ ሥጋው የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን፥ ከወላጁና ከሐኪሙ በቀር ማንም የተሸፈነውን ገላውን ሊነካ እንደማይገባው ይማር። የነካው ሰው ዘመድ ቢሆን፥ አስተማሪ ቢሆን፥ የሃይማኖት ሰውም ቢሆን ለእናቱ ሳይፈራ እንዲነግር ይፈቀድለት። ይህን ያልተማረ ሕፃን የደረሰበትን በደል የሚናገርበት ቃል እንኳ የለውም።

ለ. ከ9 እስከ 12 ዓመት። እናት ለልጇ ልማደ አንስት ከመምጣቱ በፊት፥ አባትም ለወንዱ ልጅ ጉርምስና ከመግባቱ በፊት የሚሆነውን አስቀድመው ይንገሩ። ልጅቱ በዚያ ጊዜ ከቤተ መቅደስ ውጭ ሆና መጸለይ እንደምትችል፥ ጸሎቷም እንደሚሰማ ትወቅ። ወንዱም ልጅ ሳይፈልገው በእንቅልፍ የሆነበት ነገር ኃጢአት እንዳልሆነ፥ በዚያ ቀን ከመቍረብ መከልከሉ ለምሥጢሩ ክብር መሆኑን ይረዳ።

ሐ. ከ13 እስከ 17 ዓመት። በዚህ ጊዜ ፍቅር መነሣቱ እንደማይቀር ወላጅ ይመን። ልጅ ልቡ ወደ አንዲት ልጅ ያዘነበለ እንደ ሆነ በዱላ መቀበል ልጁን ውሸት ያስተምረዋል። ይልቁንም መሳብና መውደድ፥ መውደድና ማግባት የተለያዩ መሆናቸውን፥ መታገሥም የፍቅር ጠላት ሳይሆን መፈተኛው መሆኑን ያስረዳው። ስለ እርግዝና፥ በሩካቤ ስለሚተላለፉ ደዌዎች፥ ሥዕሏን በስልክ እንድትልክ ስለሚለምናት ሰው ተንኰልም በግልጥ ይነገር። ክብር የሴት ልጅ ዕዳ ብቻ እንዳልሆነ ወንዱ ልጅ አጥብቆ ይማር፤ ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት የሸሸው ወንድ ሆኖ ነውና።

መ. ወደ ጋብቻ ሲቀርቡ። እጮኞች ከተክሊሉ በፊት በንስሐ አባታቸው ዘንድ ስለ ጋብቻ ምሥጢር፥ ስለ ጾምና ስለ መታቀብ፥ ስለ ልጅና ስለ ትዕግሥት ሊማሩ ይገባል። መኝታቸው ንጹሕ እንደሆነ ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በምዕራፍ 13 ያስተምራልና ንጹሑን ነገር ከርኩሱ ጋር ቀላቅለው በፍርሃት እንዳይገቡ።

አባት አንደበቱ እምቢ ቢለው አያፍር፤ አክስት፥ የክርስትና እናት፥ የክርስትና አባት ይተኩት። የሶማሌ እናቶች ሀበርያርን ለዚህ ማዘጋጀታቸው ጥበብ ነው፤ እኛም ክርስትና አንሺዎችን የሰጠን ቤተ ክርስቲያን ናት። በጅግጅጋ ብዙ ቤተ ሰብ ከዘመዱ ርቆ ስለሚኖር ይህ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች በዓል ሲመጣ ብቻ የሚታዩ መሆናቸው ይቅር። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ወንዶችንና ሴቶችን ለየብቻ አድርገው፥ ከምእመናን መካከል ሐኪሞችንና አስተማሪዎችን ጋብዘው፥ ትምህርቱን በቅዱሳት መጻሕፍት መሠረት ላይ ያቁሙት።

5ኛ/ ለንስሐ አባቶች

በአገራችን እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት አለው። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወጣቱ ወደ ካህኑ የሚመጣው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ከመውደቁ በፊት ጠይቆ የሚያውቀው የለምና። ካህኑ ቤት በባረከ ቀን፥ ጠበል በረጨ ቀን ልጆቹን በስማቸው ጠርቶ ያነጋግራቸው። የሚናገረው በክፍት ቦታ፥ ወላጅ በሚያውቀው ሰዓት ይሁን፤ ይህ ልጁንም ካህኑንም ከሐሜት ይጠብቃል።

ሁለት ሰዎችን ደግሞ ለይቶ ይወቅ። የመጀመሪያው በፈቃዱ የወደቀው ነው። እርሱን አይናቀው፥ አያባርረው፤ ቀኖናው መድኃኒት እንጂ መርዝ አይሁን። ተክሊል ለደናግል የተሠራ ክብር ቢሆንም ክብሩን ያጣ ሁሉ መንገዱን አጣ ማለት አይደለም፤ ንስሐም ቅዱስ ቍርባንም አሉለትና። ሁለተኛይቱ በግፍ የተደፈረችው ናት። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 በሜዳ ጮኻ የሚያድናት ያጣችው ልጃገረድ ኃጢአት እንደሌለባት፥ ነገሩም ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ እንደሚገድለው ያለ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ለእርሷ ቀኖና መስጠት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። እርሷ የምትፈልገው ሐኪም፥ ዳኛና አጽናኝ ነው። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 626ና 627 ለአካለ መጠን ያልደረሱትን የሚያስነውር ሰው በጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ካህኑም ወላጆቿ ወደ ሕግ እንዲሄዱ ይምከር እንጂ በሽምግልናና በካሣ ነገሩን አይሸፍን፥ ለደፈራትም ሰው እንድትዳር አይፍቀድ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ ያልተጠየቀ ልጅም መልስ አያገኝም። የጅግጅጋ፥ የቀብሪበያህና የቶጎ ውጫሌ ልጆቻችን በብዙ ልማድና በብዙ ድምፅ መካከል ያድጋሉ። ከነዚህ ድምፆች መካከል የአባታቸውና የእናታቸው፥ የንስሐ አባታቸውም ድምፅ እንዳይጠፋባቸው እንትጋ። ዛሬ ማታ ራት ከቀረበ በኋላ ስልኩን ከእጁ ተቀብሎ ልጄ ሆይ ብሎ የሚጀምር ወላጅ የሰሎሞንን ሥራ ይሠራል፤ አንድ ቤት ይህን ቢጀምር ሁለተኛው ቤት ይማራል። የድንግል ማርያም ልጅ ኢየሱስ ክርስቶስ ልጆቻችንን በንጽሕና ይጠብቅልን፤ ለእኛም ለመናገር ጥበብን፥ ለማዳመጥም ትዕግሥትን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።